ባለቁልፏ

የእንጀራ እናቴ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ባሏን ትገድል ነበር። ባንድ ጊዜ አይደለም፤ ቀስ እያለች፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ።

ድራማው ተከታታይ ነው። አንዲት ሴት ሀብታም ነጋዴ ታገባና መጀመሪያ መጋዘኑን፣ ቀጥሎ ቤቱን፣ በመጨረሻ ሰውዬውን ራሱን በእጇ ታስገባለች። በሮቹን ትቆልፋለች። ዘመድ ሊጠይቀው ሲመጣ "ተኝቷል" ብላ ከደጅ ትመልሳለች። ወደ አንድ ክፍል ልትገባ ስትል አስቀድሞ ቁልፎቿ ሲንቃጨሉ ይሰማል፤ ከዚያ እርምጃዋ፣ ከዚያ ያ ዝግ ያለ፣ ማር የሚንጠባጠብበት ድምፅ። በድራማው ውስጥ ስም ነበራት፤ በስሟ የሚጠራት ግን አልነበረም። ሰፈሩ ባለቁልፏ አላት። ብዙ ሳይቆይ ስሙ ከሬዲዮው ወጥቶ እኛ ቤት ገባ። የእንጀራ እናቴ በመንገድ ስታልፍ "ባለቁልፏ መጣች" ይባል ጀመር።

አብዛኛው ሰው ለቀልድ ነበር የሚለው። አትክልት ሻጯ ግን የምሯን ነው። ለእንጀራ እናቴ ከሥር የላመውን ቲማቲም እየመረጠች ትመዝንላትና፣ እኔን ደህና ብርቱካን ታስጨብጠኛለች። "ቻይው፣ የኔ ልጅ" ትለኛለች ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ። "እሷንም የእጇን ይስጣት።" የእንጀራ እናቴ ይሰማታል። ሰምታ ሒሳቧን ትከፍልና ፌስታሏን አንጠልጥላ ትሄዳለች።

የምችለው ነገር ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሚቻል ነገር እንዳለ ግን ከዚያች ሴት ተማርኩ።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ የሞተችው ገና ዳዴ ስል ስለነበር ፊቷን አላስታውሰውም። አባቴ የሱቅ ሰሌዳ ጻፊ ነበር። ከሁለቱ ክፍሎቻችን የፊተኛው የሥራ ቦታው ነው፤ ቆርቆሮና ጣውላ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፣ ብሩሾቹ ጣሳ ውስጥ ይነከራሉ፣ ቀለም የሚያቀጥንበት የአኳራጅ ሽታ ልብሳችን ውስጥ፣ ፀጉራችን ውስጥ፣ ዳቦው ውስጥ ሳይቀር አለ። ፊደል ከመጻፉ በፊት ጠመኔ የተቀባ ክር አውጥቶ አንዱን ጫፍ ለእኔ ያስይዘኛል። ክሩን ወጥሮ መሐሉን ይስብና ይለቀዋል፤ ጣ ይላል፣ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል።

"አለቃዬ፣ ቀጥ ብሏል?" ይለኛል።

"ቀጥ ብሏል።"

ዳቦ ቤቱን የጻፈው እሱ ነው፤ ፎቶ ቤቱንም፣ ጫማ ቤቱንም። የከተማው ሰው ሁሉ መንገዱን የሚያገኘው በአባቴ ፊደል ይመስለኝ ነበር።

ከእንጀራ እናቴ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ ሥራ ነው። ሬዲዮ ጣቢያው "ጸጥታ፣ ቀረጻ ላይ ነን" የሚል ሰሌዳ አዝዞት በሩ ላይ ሲሰቅል፣ ከኋላው የቆመች አንዲት ሴት "ጥሩ ነው፤ ጸጥታ የሚለው ብቻ ትንሽ ይጮሃል" አለችው። አባቴ አይቶ አይቶ ሳቀና ቤት አምጥቶ ፊደሉን አሳንሶ ጻፈው። ይህችን ታሪክ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራታል።

ስትመጣ የያዘችው አንድ ሻንጣና አንድ የቁልፍ እስር ነበር። ቁልፎቹ የእናቷ ቤት ቁልፎች ናቸው፤ ቤቱ ተሸጧል፣ ቁልፎቹን ግን አልጣለቻቸውም። የእኛን ቤት ቁልፍም እነሱ ላይ ጨመረችው። ድራማውን የሚጽፈው ሰውዬ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከቦርሳዋ ውስጥ ሲንቃጨሉ ሰምቶ "ይህን ድምፅ ለገጸ ባሕርይዋ ስጫት" አላት። ከዚያ ወዲያ በሬዲዮ የሚሰማው ቁልፍና እኛ በር ላይ የሚሰማው ቁልፍ አንድ ሆነ።

"እትዬ በያት" አለኝ አባቴ። እትዬ አልኳት።

የመጀመሪያዎቹ እሑዶች ትዝ ይሉኛል። አባቴ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ ይከፍታል። እትዬ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ከሬዲዮው ደግሞ ድምፅዋ ይወጣል፤ "የኔ ጌታ፣ ትንሽ ጠጣ፣ ይሻልሃል" ይላል። እኔ አፏን አየዋለሁ። አፏ ዝግ ነው። ልጣጩ ከቢላዋው ሥር ተጠቅልሎ ይወርዳል እንጂ ከንፈሯ አይነቃነቅም።

"ባለፈው ረቡዕ እኮ ነው የተቀዳው" አለኝ አባቴ ግራ እንደተጋባሁ አይቶ።

እሺ አልኩት እንጂ አላመንኩትም። አንድ ሰው ያለው አንድ ድምፅ ነው። አስቤ አስቤ የራሴን መልስ አገኘሁ፦ እትዬ አፏን ዘግታ በሆዷ የምታስበው ነው በሬዲዮ የሚወጣው። እሑድ እሑድ የውስጧን እንሰማለን። ሌላውን ቀን ደብቃው ነው የምትውለው።

አሁን እኔም ያን ዕድሜ የያዘች ልጅ አለችኝ፤ ድራማ ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ታውቃለች። እኔ ግን ሰፈሩ ሁሉ እያመነ እንዴት ላላምን እችላለሁ? ሴትየዋ ደግሞ ጎበዝ ነበረች። እንደ እሷ የሚያስጠላ ሰው በዚያ ጣቢያ ተጫውቶ አያውቅም ይባላል።

አባቴ የታመመው መሰላል ላይ ሳለ ነው። የፋርማሲውን ሰሌዳ ሲጽፍ አንዲት ፊደል ሲቀረው ወረደና የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብሩሹን እኔ ያዝኩለት። የፊቱ ላብ መውረዱን አላቆመም። በማግሥቱ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ከእትዬ ጋር ወጡ፤ "ለሥራ ጉዳይ ነው" አሉኝ። ሲመለሱ ብስኩት አመጣልኝ። እትዬ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ኋለኛው ክፍል ገባችና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ያየሁትን ሁሉ በባለቁልፏ ዓይን ተረጎምኩት።

ጨው ጠፋ። የአባቴ ሾርባ ለብቻው ይሠራል፤ ይቀምሰውና ፊቱን ያጨማድዳል፤ "ኧረ ትንሽ ጣል አድርጊበት" ይላታል። "ልመደው" ትለዋለች። የጨው ዕቃው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ባሏን ጨው የምትነፍግ ሴት ምን ዓይነት ሴት ናት? አሁን ሳውቀው ጉበቱ ነበር። ሆዱ ውሃ መቋጠር ስለጀመረ ጨው የከለከለው ሐኪሙ ነው።

የአባቴ ጓደኛ፣ ሹፌሩ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። እትዬ በሩን በገላዋ ሞልታ ቆመች።

"ተኝቷል" አለችው።

አልተኛም ነበር። ከውስጥ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ይታየኛል። ቃሉ የድራማው ቃል ነው፤ ሬዲዮ ላይ እንዳለችው አድርጋ፣ በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ ነው ያለችው። ሹፌሩ ጋዜጣውን ብብቱ ሥር ወሽቆ እያጉረመረመ ሄደ። ጋዜጣው ውስጥ የነበረው አረቄ እንደሆነ፣ አባቴም ቢያየው እንደሚጠጣው ስለምታውቅ እንደመለሰችው ማን ይንገረኝ?

ቀጥሎ ብልቃጡ መጣ። ቡናማ ነው፣ አንገቱ አጭር። እሱም ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ ይንቃጨላል፣ ቁም ሳጥኑ ይከፈታል፣ ማንኪያው ይሞላል። "ትንሽ ጠጣ፣ ይሻልሃል" ትለዋለች። አባቴ ሲያወራኝ የነበረውን ሳይጨርስ ዓይኑ ይከደናል፤ አፉ ተከፍቶ ይቀራል። ስጠራው አይሰማም። ስነካው አይነቃም። ፊቱ ደግሞ በየቀኑ ቢጫ እየሆነ ነው፤ የዓይኑ ነጭ ሳይቀር አሮጌ ወረቀት መሰለ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ምን ይበል?

ጥርጣሬዬን እርግጠኛ ያደረገው ደራሲው ነው። ደራሲው ክስት ያለ፣ ሲጋራ ሳያጨስ በጣቶቹ መሐል የሚያንከባልል ሰውዬ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የሳምንቱን ጽሑፍ ይዞ እኛ ቤት ይመጣል፤ ከእትዬ ጋር ሥራ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብለው ያነቡታል። እኔ ግድግዳ የተደገፈው ትልቅ ቆርቆሮ ሥር መግባት እወድ ነበር። ጨለማ ነው፣ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ማንም አያየኝም ብዬ አስባለሁ።

"ባልየውን መቼ ነው የምንገድለው?" አለ ደራሲው።

"ምን አስቸኮለዎት?" አለች እትዬ።

"ሰው ሰለቸው እኮ። ስንት ሳምንት አልጋ ላይ ይተኛል?"

"ይቆይ ትንሽ።"

"ለምን ይቆያል?"

ወረቀት ሲገለበጥ ሰማሁ። "ቀስ ይበል። ባንድ ጊዜ አይሁን" አለች ቆይታ።

"ከቆየማ መርዝ መሆኑን በግልጽ ማሳየት አለብኝ። አለበለዚያ አድማጩ ታሞ ነው የተኛው ይላል።"

"ታሞ ቢሞትስ?"

ደራሲው ሳቀ። "ታሞ ቢሞት ማን ያዳምጠኛል? በሽታ ገጸ ባሕርይ አይደለም። ምን ፈልጎ ነው አትይውም፤ አትረግሚውም፣ አትለምኚውም። ለሰው የሚጠላው ሰው ስጪው፤ እስከ መጨረሻው ይከተልሻል። ለምን መሰለሽ? ክፉ ሰው ካለ፣ ማስጣል ይቻላል ብሎ ያስባል። ተስፋው እሷ ናት።"

ደራሲው ከሄደ በኋላ እትዬ መጥረጊያ ይዛ መጣችና ቆርቆሮው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። እስትንፋሴን ያዝኩ። ብዙ ቆመች። ከዚያ ሳትጠርግ ተመለሰች። እግሬ ከቆርቆሮው ሥር ወጥቶ ይታይ እንደነበረ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

የያዝኩት ቃል "ቀስ ይበል፣ ባንድ ጊዜ አይሁን" የሚለው ነው። አባቴን ቀስ አድርገው ሊገድሉት ተማክረዋል። እሷ ግን ያን ቀን ለአንድ የወረቀት ሰው ዕድሜ ስትለምን ነበር። የራሷ ሰው እዚያው ግድግዳ ማዶ ተኝቶ፣ ለእሱ የምትለምነው ሰው ስላጣች ይመስለኛል።

በነጋታው ከአባቴ ጋር ብቻችንን ስንሆን ጆሮው ሥር ገባሁ።

"አባዬ፣ ከብልቃጡ እንዳትጠጣ።"

"ለምን፣ አለቃዬ?"

"መርዝ ነው።"

አልሳቀም። ዓይኑ ከእኔ አልፎ ወደ በሩ ሄደ። ዞር ስል እትዬ ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ሰምታኛለች። ያን ማር የመሰለ ድምፅ ጠበቅኩ። እሷ ግን አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ራሷን ብቻ ነቀነቀች፤ ተዋት እንደማለት፣ በጣም በትንሹ። ከዚያ ማንኪያውን ይዛ ወጣች።

አባቴ ዓይኑን ወደ እኔ መልሶ፣ "እሺ" አለኝ። "እንግዲያው አጠገቤ ሁኚና ጠብቂኝ። አንቺ እያለሽ ማን ይደፍረኛል?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ገመድ ዝላይ ቀረ፣ ከጓደኞቼ ጋር መንገድ ለመንገድ ማዝገም ቀረ። ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ እየዘለለ እሮጣለሁ። ገብቼ አልጋው ላይ፣ እግሩ ሥር እቀመጥና በሩን እጠብቃለሁ። እሱ ሰሌዳ ጭኑ ላይ አድርጎ ብሩሽ አያያዝ ያስተምረኛል። "አትጨቁኚው፣ ብሩሹ ራሱ መንገዱን ያውቀዋል" ይለኛል። ፊደል ሲጣመም ወፍራሙ የት፣ ቀጭኑ የት እንደሚመጣ ያሳየኛል። እጁ ሲንቀጠቀጥ በእኔ እጅ ላይ ያደርገውና አብረን እንጽፋለን። እትዬ ምግብ ልታቀብል ስትገባ ዓይኔን አፍጥጬ እጇን አያለሁ። እሷም ታየኛለች። ሳህኑን ታስቀምጥና ትወጣለች።

ብልቃጡ እኔ ባለሁበት አይወጣም። አሸነፍኩ አልኩ።

አንዳንድ ቀን ግን አባቴ ንግግሩን ያቋርጥና የአልጋውን ብረት ጭብጥ ያደርገዋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ይላል። "እስቲ ትምህርት ቤት ምን ሠራችሁ? ሁሉንም ንገሪኝ፣ ምንም እንዳታስቀሪ" ይለኛል ዓይኑን ጨፍኖ። እኔም እነግረዋለሁ። ማን ከማን እንደተጣላ፣ አስተማሪዋ ማንን እንዳስነሳች። ያን ሰዓት መድኃኒቱን የሚወስድበት ሰዓት እንደነበረ፣ እኔን ላለማስፈራት ብሎ እስክተኛ ድረስ እንደሚያቆየው አላውቅም። በግድግዳው በኩል አንድ ምሽት የእትዬን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትቆየው?" ትለዋለች። አባቴ የመለሰላትን አልሰማሁትም። ሞቱን ቸኮለችበት አልኩ። "ተያት፣ አጠገቤ ትቀመጥ፣ እችለዋለሁ" ነበር ያላት፤ ይህን ኋላ እትዬ ራሷ ነግራኛለች።

አባቴ የሞተው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ነው። ከትምህርት ቤት የወሰደችኝ የእናቴ እህት፣ አክስቴ ናት። ቤት ስንደርስ ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው የአባቴን ጣውላዎች በቀለም ጣሳ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። እትዬ ግድግዳ ሥር ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

"በሬዲዮ ሲሆን እንባዋ እንደ ቧንቧ ነው" አለች አክስቴ አጠገቧ ላለችው ሴት። "ለራሷ ባል ጊዜ ግን ደረቀ።"

እኔም ያን ደረቅ ዓይን አየሁ። ለአክስቴ፣ "እሷ ናት የገደለችው" አልኳት። አክስቴ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። "እኔም ሳልጠረጥር አልቀረሁም" አለች። ወደ ቤቷ ወሰደችኝ፤ ወሬውም ከእኛ ጋር ሄደ። ቤቷ ግን ጠባብ ነው፤ ልጆቿ አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት። ወር ሳይሞላ ልብሴን በፌስታል አድርጋ መልሳ አመጣችኝ፤ "ለጊዜው ነው፣ እስክደላደል" ብላ በር ላይ አስረከበችኝ። ገዳይ ናት ብላ ለምታወራባት ሴት አሳልፋ ሰጠችኝ። ያኔ ይህ አልገረመኝም።

እትዬ ፌስታሉን ተቀብላ "ምሳ በልተሻል?" አለችኝ።

"በልቻለሁ" አልኩ። አልበላሁም ነበር።

በሬዲዮ የነጋዴው መሞት የተላለፈው አባቴ ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እትዬ ሄዳ ቀዳችው፤ የምንበላው በዚያ ነበር። ስቱዲዮ ገብታ በአንድ ሰው አልጋ አጠገብ "የኔ ጌታ፣ ተኛ እንግዲህ" እንዴት እንዳለች ጠይቄያት አላውቅም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለቁልፏ ተይዛ ወህኒ ስትወርድ ሰፈሩ በየመስኮቱ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እሷ ያን ጊዜ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አንስታ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ኮሌታውን ቀጠለች።

ሌላ ድራማ አልተሰጣትም። ደግ እናት አድርገው ሞክረዋት ነበር፤ አፏን ስትከፍት አድማጩ ቁልፍ ይሰማው ጀመር አሉ። ልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ልብስ በመተኮስ ሥራ ተቀጠረች። ማታ ስትመጣ እጇ በእንፋሎት ቀልቶ፣ ጣቶቿ አብጠው ነው። እንዲህ እየሆነ ዓመታት አለፉ። የምንነጋገረው የግድ የሆነውን ብቻ ነው፤ ዳቦ አልቋል፣ ስብሰባ አለ፣ ጫማዬ ጠበበኝ። ጫማው ይገዛል።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ የቋንቋ መምህራችን ክፉ ገጸ ባሕርይ ያለበት አጭር ታሪክ ጻፉ አለን። እኔ መፈልሰፍ አላስፈለገኝም። አንድ ሰሌዳ ጻፊ፣ አንዲት ሚስት፣ የተቆለፈ ቁም ሳጥን፣ ቡናማ ብልቃጥ። ተራ በተራ አስገባኋቸው። ስጽፍ እጄ እየጋለ ነበር።

መምህሩ ከክፍል በኋላ አስቀረኝ።

"የቁልፉ ነገር ጥሩ ነው" አለኝ። "በተንቃጨለ ቁጥር ያስፈራል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሴትየዋ ሰውዬውን ገድላ ምን አገኘች?"

"እንዴት ምን አገኘች?"

"ሀብት ነበረው?"

"የለውም።"

"ሌላ ሰው አገባች?"

"አላገባችም።"

"ልጅቷንስ ምን አደረገቻት?"

"አሳደገቻት" አልኩ።

"ለምን?"

መምህሩ ወረቀቱን መለሰልኝ። "ታሪክሽ ውስጥ የሆነው ሁሉ ሆኗል፤ ግን አንዱ ከሌላው አልተያያዘም" አለኝ። "ሰው ያለ ምክንያት እንዲህ አይደክምም። ወይ ምክንያት ፈልጊላት፣ ወይ ደግሞ ሴትየዋ አልገደለችውም።"

ምክንያት ስፈልግላት ሰነበትኩ። ሳጠፋና ሳርም ወረቀቱ ሳሳ። ቁልፉን ባስቀምጠው፣ ጨውን ባስቀምጠው፣ ማብቂያው ላይ ሁሌ ያች ሴት እጇ ቀልቶ ዩኒፎርም ትተኩሳለች። ለዚህ የሚሆን ክፋት ልፈጥርላት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ተመልሳ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ሁለት እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራለች። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"አባዬን ለምን ገደልሽው?" አልኳት።

አልደነገጠችም። እንዲህ ብዬ እንድጠይቃት ስትጠብቅ እንደነበረ ሰው እጇን ውሃው ውስጥ አገላበጠች።

"ጉበቱ ነው" አለች። "ካንሰር። መጀመሪያ የሄድን ቀን ነው የነገሩን። አይድንም አሉ።"

"ብልቃጡስ?"

"ሞርፊን። የሕመም ማስታገሻ። ልጅ እንዳያገኘው ቆልፊበት ያሉኝ ሐኪሞቹ ናቸው።"

"ለምን አልነገራችሁኝም?"

"አባትሽ ልንገራት ብሎ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።"

"ለምን?"

ድምፅዋ የሬዲዮው ድምፅ አልነበረም፤ ሻካራ ነበር፣ በእንፋሎት የተበላ።

"እናቴ ስትሞት አንቺ ያኔ የነበርሽበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ" አለች። "እንደምትሞት ነገሩኝ። ከዚያ ክፍሏ አልገባም አልኩ። ሽታውን ፈራሁ፣ እጇን ፈራሁ። ስትጠራኝ ደጅ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ልጅ የሚሞት ሰው ትፈራለች። አንቺ ግን እኔን ፈራሽ። እኔን ስለፈራሽ እሱን አልፈራሽውም። ከትምህርት ቤት እየሮጥሽ ትመጪ ነበር።"

ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ አየሁት።

"ብነግርሽ ትሮጪ ነበር?" አለችኝ። ስትጠይቀኝ በእርግጥ ማወቅ ፈልጋ ነው እንጂ ልትረታኝ አይደለም።

"አላውቅም" አልኩ።

"እኔም አላውቅም።"

"እና ለዘላለም ልትተዪው ነበር? ገዳይ ናት እያልኩ?"

"እስክትጠይቂኝ ነው የጠበቅኩት" አለች። "ቶሎ የምትጠይቂኝ መስሎኝ ነበር።"

ተነስቼ ወደ ኋለኛው ክፍል ሄድኩ፤ አባቴ ተኝቶበት የነበረው አልጋ አሁን የእኔ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ የተገደለ ሰው ነበር። ቢያስጥሉት ኖሮ፣ ትንሽ ቀድሜ ብደርስ ኖሮ፣ በሩን የበለጠ ብጠብቅ ኖሮ የሚተርፍ ሰው። ከዚያ በኋላ ታሞ የሞተ ሰው ሆነ። የምጠላው ሰው አጣሁ። የማስጥለውም አልነበረም። ትራሱን ፊቴ ላይ አድርጌ ለአባቴ ያን ያህል ዓመት ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

እርምጃዋን ሰማሁ። መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ከእጇ ውሃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ግቢ አላልኳትም። በሕይወቴ ግቢ ብያት አላውቅም፣ እንዴት እንደሚባልም አላውቅበትም። እሷም አልገባችም። ግን እስክጨርስ ድረስ አልሄደችም።